ለጥምቀት የሚሆን ውሃ ፍለጋ፣ ከደሴ ቁልቁል

እሁድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደሴ

ሚኒባሱ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ሲቆም የጦሳ ተራራ ገና በጉም እንደተከናነበ ነበር። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ተጠማቂዎቹ ሹራብና ጋቢ ደራርበው፣ ነጭ ልብሳቸውንና ፎጣቸውን በፌስታል ቋጥረው በሩ ሥር ተኮልኩለዋል። ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንችና ቃሪያ የያዘ ዘንቢል ተጭኗል። እናቶች ደግሞ ባዶ ጄሪካን ከወንበሮቹ ሥር ሲያስገቡ አየሁ። ከታች ጥሩ ውሃ ከተገኘ ሞልተው ሊመለሱ ነው።

ከተጠማቂዎቹ አንዷ የኔ ልጅ ሶስና ናት። አሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የጥምቀት ትምህርቷን ጨርሳ ይህን ቀን ስትጠብቅ ከርማለች፤ ሌሊቱንም አልተኛች መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል። እናቷ ማምሻውን ለሚመጣው እንግዳ ድግስ ስለምታሰናዳ ቤት ቀርታለች።

ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ የጥምቀት ገንዳ የላትም። ድሮ እዚሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ነበር የምናጠምቀው። ባለፈው ጊዜ ግን ከውሃው የወጡት ልጆች ገላቸው ሽፍ አለ፤ አንዲት እናት ዓይናቸው አብጦ ሰነበቱ። ስለዚህ ወንጌላዊ ታደለ፣ የሚያጠምቀው አገልጋያችን ማለት ነው፣ ምእመኑን ሰብስቦ «ዘንድሮ ወደ ታች ወርደን ንጹሕ ውሃ እንፈልጋለን» ሲል ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። ፊቴ የጋለው አሜን ካልኩ በኋላ ነው።

ምክንያቱን ለአንባቢ አልደብቅም። የምሠራው የከተማውን ፍሳሽ ቆሻሻ በሚመለከት ቢሮ ውስጥ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ የሚመጥጠውን መኪና የማሰማራው እኔ ነኝ። ግድግዳዬ ላይ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ግቦች በሰንጠረዥ ተለጥፈዋል፤ ከግቦቹ አንዱ የማጣሪያ ኩሬ ነው። ፍሳሹ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተሸጋገረ፣ ዝቃጩ ከሥር እየቀረ፣ ፀሐይና አየር እያጠሩት ወንዝ የሚደርስበት ማለት ነው። ጥናቱ አልቋል። ቦታ አልተገኘም፣ በጀትም የለም። በአንድ ለአምስት ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ይነሳል፤ «በሂደት ላይ» ተብሎ ይታለፋል። እስከዚያው መኪናው የመጠጠውን «ለጊዜው» ከከተማው ጫፍ ባለ ገደል ላይ ይደፋዋል። ገደሉ ወደ ቦርከና ይወርዳል።

ሹፌራችን ሁሴን «ጋሼ፣ አንተ ከፊት ግባ» አለኝ። ገባሁ። ወንጌላዊ ታደለ ጸለየ፣ ልጆቹ መዝሙር ጀመሩ፣ ተነሳን። ከተማው ውስጥ ያለው የቦርከና ድልድይ ላይ ስንደርስ ሁሴን መስኮቱን ዘጋ። ከኋላ ያሉትም አንድ በአንድ ዘጉ። መዝሙሩ አልተቋረጠም። እዚያ ድልድይ ላይ መስኮት መዝጋት ለደሴ ሰው ልማድ ነው።


ሐረጎ፣ ፀሐይ ስትወጣ

የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ጉሙ ተከፈተ። ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ ካብ፣ የገብስ ማሳ፣ ከዚያ ደግሞ ባዶ አየር። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከፊታችን ብረት የጫነ ተሳቢ በማርሽ ይዞ ያቃስታል፤ ሁሴን ሊቀድመው ብቅ ይልና ይመለሳል። እናቶች «ቀስ በል ልጄ!» ይሉታል።

«እማማ፣ ጥምቀት ሳትደርሱማ አልጥላችሁም» አለ እየሳቀ። ሁሴን ሙስሊም ነው፤ የኛን ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ሲያመላልስ ስለኖረ መዝሙሮቻችንን ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃል።

ሶስና ከኋላዬ ተቀምጣለች። ወደ ገደሉ እያየች «አባዬ፣ ያ ከታች የሚያብለጨልጨው ቦርከና ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

«ከዚህ ሲያዩት ያምራል።»

«ሩቅ ስለሆነ ነው» አልኩ። ቀልድ ነበር ያሰብኩት፤ ማንም አልሳቀም።


ኮምቦልቻ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራብ ወለቀ። ሙቀቱ ሌላ አገር የገባን ያስመስላል። ጎዳናው ዳር ፉልና ዳቦ የሚሸጥባት ትንሽ ቤት ውስጥ ቁርስ በላን። ፉሉ ዘይትና ሚጥሚጣ ተደርጎበት፣ ትኩስ ዳቦ ከጎኑ፤ ሻዩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ተጠማቂዎቹ ስለሚጾሙ አልበሉም፤ ውጭ ጥላ ይዘው ባጃጆቹንና የፋብሪካ ፈረቃ የሚቀያይሩትን ሠራተኞች ይመለከታሉ።

ባለቤትየዋን «በዚህ በኩል ሰው የሚገባበት ጥሩ ውሃ የት ይገኛል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«የሚገባበት?» አሉ፤ የሻይ ብርጭቆ እያለቀለቁ። «ከዚህማ ምን አለ። የናንተው ከላይ ይመጣል፣ የፋብሪካው ከዚህ ይጨመራል፣ የኛም አለበት። ወደ ሐርቡ መስመር ውረዱ። ወንዙን ሳይሆን ምንጭ ጠይቁ።»

ያም ሆኖ ወንጌላዊ ታደለ ከከተማው ወጥተን ባገኘነው ድልድይ ላይ አስቆመን። «ምናልባት እዚህ ጋ ይጠራ ይሆናል» አለ። ሱሪውን ሰብስቦ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ውሃው ሰፊ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ድንጋዮቹ ላይ ቢጫ አረፋ ተጋግሯል። የላስቲክ ኮሮጆ በየቁጥቋጦው ተሰቅሏል። ሽታው አፍንጫ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ምላስ ላይም ይቀመጣል። ወንጌላዊው ጥቂት ቆሞ ተመለከተና ነጠላውን ወደ አፍንጫው አነሳ።

«ወንድሜ» አለኝ፤ ሥራዬን ያውቃል፤ «ይህ ሁሉ የሽንት ቤት ነው?»

«ሁሉም አይደለም» አልኩት። «የኛ ከላይ የሚገባው የፊተኛው ነው።»

ቀድሜው ወደ መኪናው ወጣሁ።


ከሐርቡ በፊት፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ

አስፋልቱን ትተን በጠጠር መንገድ ታጠፍን። ማሽላ፣ በቆሎ፣ አልፎ አልፎ የሸንኮራ አገዳ። መንገደኞች ጠቁመውን የደረስንበት ሰፈር ከወንዙ ብዙም አይርቅም፤ ከኮረብታ ሥር ግን ምንጭ አለው። ምንጩን አስከብረው የያዙት ሰው ይማም ይባላሉ፤ የመንደሩ ሰው «ጋሼ ይማም» ይላቸዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና ያቀላው ሽማግሌ ናቸው። ሽርጥ አሸርጠው ሽንኩርት እየኮተኮቱ አገኘናቸው።

ሁሴን ቀድሞ «አሰላሙ አለይኩም» አለ።

«ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። እንዴት አደራችሁ? ሰላም ናችሁ ወይ? ሕፃን አዋቂው ደኅና ነው? ዝናቡስ እንዴት ነው ላዩን?» ሰላምታው ረዘመ፤ ወሎ ነውና እኛም ሳንቸኩል መለስን።

ወንጌላዊ ታደለ ጉዳዩን አስረዳ። በእምነታችን ሰው ሲያምን ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደሚጠመቅ፣ ሙሉ በሙሉ ጠልቆ እንደሚወጣ፣ ለዚህ የሚሆን ውሃ እንደምንፈልግ። ጋሼ ይማም እስኪጨርስ ዝም ብለው ሰሙት።

«ለዲናችሁ ከሆነማ እንዴት ይከለከላል» አሉ። «ግን መምህር፣ ምንጩ ውስጥ መግባት አይሆንም። የምንጠጣው እሱን ነው፤ ሌላ የለንም። ከሥሩ የሚፈሰውን ግን እንገድብላችኋለን። ውሃው ይጠራቀማል፣ ትገቡበታላችሁ፣ ስትጨርሱ ወደ ሽንኩርቱ እንለቀዋለን። ይበቃችኋል?»

«ከበቂ በላይ ነው፣ ጌታ ይባርክዎት!»

«አሚን። ከየት ነው የመጣችሁ?»

«ከደሴ።»

ጋሼ ይማም ዶማቸውን መሬት ላይ አቁመው ተደገፉበት። «ከደሴ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የተገረሙ ይመስላሉ። «ደሴ ውሃ ጠፋ እንዴ?»

እናቶቹ መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ነው ጄሪካኖቹ መኪናው ውስጥ እንዳሉ ትዝ ያለኝ። እስከ መጨረሻው ያወጣቸው ሰው አልነበረም።

ጋሼ ይማም ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ። ጎልማሶች ዶማና አካፋ ይዘው መጡ፤ ሣር የያዘ ጭቃ እየቆረጡ፣ ድንጋይ እየደረደሩ መገደብ ጀመሩ። ውሃው እስኪጠራቀም ጋሼ ይማም ለወንጌላዊ ታደለና ለኔ ሰፈሩን ሊያሳዩን ይዘውን ዞሩ። መጀመሪያ የወሰዱን ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ዳር ነው። ከኮምቦልቻ በታች ያየነው ውሃ ነው፤ እዚህ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሽታው ግን አብሮት ደርሷል።

«ልጅ ሳለሁ እዚህ አምባዛ ዓሣ እናጠምድ ነበር» አሉ። «በእፍኛችን እየጨለፍን እንጠጣ ነበር። አሁን ላሞቹ ይጠጡታል፤ ምን ያድርጉ። ዘንድሮ አንዷ ላሜ አስወረደች፣ የጎረቤቴም አስወረደች። ከውሃው ይሁን ከሌላ፣ አላህ ያውቃል። ሕፃናቱን ግን አትግቡ እያልን ሙቀቱ ሲጠና ይገባሉ፤ ሲወጡ ያካሉ።»

ከዚያ ወደ ቤታቸው ጓሮ ወሰዱን። በጭቃ የተለሰነች፣ የሣር ክዳን ያላት ትንሽ ሽንት ቤት አለች። በሯ ላይ አመድ በቆርቆሮ ተቀምጧል። ጋሼ ይማም በኩራት ከፈቷት።

«የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ናት ያስቆፈረችን። መጀመሪያ ሳቅንባት፤ ሜዳው ሞልቶ ለምን እንቆፍራለን ብለን። እሷ ግን ቤት ለቤት እየዞረች፣ 'ሜዳ ላይ ከተጸዳዳችሁ ዝናብ ጠርጎ ውሃችሁ ውስጥ ይከተዋል' አለችን። እውነቷን ነው። ቆፈርን። አሁን ይኸው የሌለው ቤት የለም።» ወደኛ ዞሩ። «ደሴ ይህ ሁሉ ሕዝብ እያለ፣ ሁሉም ቆፍሯል አይደል?»

«አብዛኛው አለው» አልኩ።

«ሲሞላስ?»

«መኪና ይመጥጠዋል።»

«ማሻአላህ። ከዚያስ?»

ወንጌላዊ ታደለ ወደኔ አየ። እኔ የቆርቆሮውን አመድ አየሁ። ጋሼ ይማም በትህትና ጥያቄያቸውን ለወጡ።

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«አስተማሪ ነኝ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም ብል ሌላ ውሸት ይሆናል። አውቃለሁ። በዚያች አመድ በተቀመጠባት ንጹሕ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ሥራዬን መናገር አልቻልኩም።

«አስተማሪ!» አሉ፤ ትከሻዬን ያዙ። «ተገኘህልን በላ። ለተማሪዎችህ ንገርልን። ከታች ሰው አለ በላቸው። ልጆች ይሰማሉ፤ ትልቁ ነው የማይሰማው።»

ዞር ስል ሶስና ከኋላችን ቆማለች። ነጩን ቀሚሷን ለብሳ፣ ውሃው እንደሞላ ልትነግረን ነበር የመጣችው። ከንፈሯን ነክሳ ተመለሰች።


እዚያው፣ አምስት ሰዓት ገደማ

ግድቡ እስከ ጭን የሚደርስ ውሃ ይዟል፤ ትንሽ ደፍርሶ ነበር፣ እየጠራ ነው። ልጆቹ ተሰልፈዋል። የመንደሩ ሰው ሸንኮራው ጥግ ተቀምጦ በጸጥታ ያያል። ወንጌላዊ ታደለ ገብቶ ቆመ። የመጀመሪያው ተጠማቂ ሲገባ ብርዱ አስጮኸውና ሁሉም ሳቀ፤ የመንደሩ ሰዎችም ሳቁ።

ሶስና ከሰልፉ ሦስተኛ ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ለኋለኛዋ ለቀቀች። እንደገና ሲደርሳት እንደገና ለቀቀች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«በርዶሽ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ወደ ውሃው እያየች፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰውየውን ዋሸሃቸው፣ አባዬ» አለች። «ዛሬ። የእሳቸው ውሃ ላይ ቆመን።»

«ቀላል ነገር ነው ሶስና። ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ...»

«እኔ አሁን እዚያ ውስጥ ገብቼ አሮጌውን ኑሮ ትቻለሁ እንደምል ታውቃለህ። አንተም ከዳር ቆመህ አሜን ትላለህ።» እንባዋ መጣ። «እኔ አልችልም።»

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ናት። ተቆጥቻት አላውቅም፤ ያን ጊዜ ልቆጣት ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ቁጣ ለማምጣት የሚሆን ፊት አልነበረኝም።

ጋሼ ይማም ከግድቡ ማዶ የሚያፈሰውን ቀዳዳ በእግራቸው ጭቃ እየረገጡ ይደፍናሉ። ሄድኩ።

«ጋሼ ይማም፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ አስተማሪ አይደለሁም።»

ቀና አላሉም። «እሺ?»

«የደሴን ፍሳሽ የሚመለከተው ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ቅድም ከዚያስ ብለው የጠየቁኝን መኪና የምልከው እኔ ነኝ። የሚደፋው ገደል ላይ ነው፤ ገደሉ ቦርከና ይገባል።»

እግራቸው ቆመ። ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ ውጧቸዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ቅድም ለምን አልነገርከኝም? ውሃውን እከለክላለሁ ብለህ ነው?»

«አይደለም። አፍሬ ነው።»

«አፈርክ» አሉ። ጭቃውን ረገጡ፣ ሌላ ጓል አነሱና ጨመሩበት። «አንተ በማፈርህ ላሜ ምን ታገኛለች? ወላሂ ንገረኝ፣ ምን ታገኛለች?»

ከግድቡ ወዲያ ወንጌላዊው አንዷን አስጠልቆ ሲያወጣ እልልታው ቀለጠ።

«ልጅህ የትኛዋ ናት?» አሉ በመጨረሻ።

አሳየኋቸው።

«እሷ ናት የላከችህ?»

«አዎ።»

«አላህ ያሳድጋት። ሂድ፣ ትግባ። ለናንተ የቋጠርነውን ውሃ በእልህ አላፈርሰውም። ስትጨርሱ ግን እኔም ከናንተ ጋር እወጣለሁ። የሚደፋበትን ቦታ ታሳየኛለህ። እዚህ ሆኜ ስረግም ከምኖር ልየው።»

ሶስና የመጨረሻዋ ተጠማቂ ሆነች። ውሃው ውስጥ ስትገባ ወደኔ አንድ ጊዜ ብቻ አየች። ወንጌላዊ ታደለ ስሟን ጠርቶ አስጠለቃት፤ ስትወጣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ አየር እየሳበች ትስቅ ነበር። ከዳር ቆሜ አሜን አልኩ።

ልጆቹ ልብስ ሲቀይሩ ጋሼ ይማም ግድቡን በዶማ ከፈቱት። ውሃው እየተንጎራጎረ በቦዮቹ አልፎ ሽንኩርቱ ውስጥ ገባ። ዳቦና ድንቻችንን ለመንደሩ ሰው አካፈልን፤ እነሱ የተጠበሰ በቆሎ አመጡልን። ጋሼ ይማም የቀትሩን የዙሁር ሶላት ሰገዱ፣ ነጭ ጀለቢያና ኮፍያ ለብሰው መጡና ከፊት ወንበር እኔና ሁሴን መካከል ተቀመጡ።


ወደ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ

ሽቅብ ሲሆን መኪናው ያቃስታል፤ ኋላ ያሉት ልጆች ደክሟቸው አንቀላፍተዋል። ጋሼ ይማም መንገዱን በሙሉ ወንዙን በዓይናቸው ሲከተሉ ነበር። ደሴ ለገበያም ለሕክምናም ብዙ ጊዜ ወጥተዋል። «ግን ወደ ወንዙ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ከተማ የገባ ሰው የሚያየው ሱቅ ነው።»

ከተማው ከመግባታችን በፊት ሌሎቹ ታክሲ ይዘው እንዲቀጥሉ አደረግንና ሁሴን፣ ጋሼ ይማም፣ ሶስናና እኔ ወደ ገደሉ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ታጠፍን። ሶስና ከሌሎቹ ጋር አልወርድም ብላ ነው የቀረችው። እሁድ ስለሆነ ቦታው ባዶ እንደሚሆን ገምቼ ነበር። አልነበረም። የአንድ ሆቴል ጉድጓድ ሞልቶ ፈሶ ኖሮ የቢሯችን መጣጭ መኪና ተጠርቶ ሠርቷል፤ ኋላውን ለገደሉ ሰጥቶ ቆሟል። ወፍራሙ የጎማ ቱቦ መሬት ላይ ተጋድሞ ይተፋል።

ረዳቱ አየኝና እጁን አነሳ። «ሰላም ኃላፊ! እሁድንም አይተኙም?»

ጋሼ ይማም ጀለቢያቸውን ሰብስበው እስከ ጫፉ ሄዱ። እኔም ከኋላቸው። ጥቁሩ ፍሳሽ ዓለቱን አጥቦ፣ የራሱን መንገድ አበጅቶ ይወርዳል። ከሥር ወንዙ አለ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሴቶች ድንጋይ ላይ ልብስ ያጥባሉ። አጠገባቸው ልጆች ያጠቡትን ብርድ ልብስ ሁለት ሆነው ይጨምቃሉ፤ ሳቃቸው እላይ ድረስ ይሰማል። በየቤቱ ጓሮ ደግሞ ቧንቧ ወጥቶ ወደ ወንዙ ያንጠባጥባል።

ጋሼ ይማም ብዙ ቆዩ። ይጮሃሉ፣ ይራገማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢያደርጉት ይሻለኝ ነበር።

«እነዚያ የማን ሰዎች ናቸው?» አሉ።

«የኛው ናቸው። የደሴ።»

«እኔኮ...» አሉና ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔኮ የምትደፉብን እኛን ስለማታውቁን ይመስለኝ ነበር።»

ረዳቱን ቱቦውን እንዲያነሳ ነገርኩት። ታንከሩ ገና ግማሽ ነበር። «ታዲያ የት ልውሰደው?» አለኝ። የት እንደሚወስደው አላወቅኩም ነበር። መድፋቱን ቀጠለ፤ እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰኞ ጠዋት ቤታችን ካደሩት ከጋሼ ይማም ጋር አለቃዬ ቢሮ ገባን። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንበር ሰጣቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው፣ ስለ ማጣሪያ ኩሬው ጥናት አስረዳቸው። ጋሼ ይማም ሰምተው ሲጨርሱ «ኩሬው እስኪቆፈር መኪናው ውሃ የሌለበት ይድፋ» ብቻ አሉ። ያየሁትን፣ ያደረግሁትንም ጨምሬ እኔ ተናገርኩ። ተከራክረን ተከራክረን ከከተማው ራቅ ያለ፣ ወንዝ የሌለበት ሜዳ ላይ ጉድጓድ እንዲቆፈርና መኪናው እዚያ እንዲሄድ ተወሰነ። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን እየሄደ ነው። ሹፌሩ በነዳጁ ያማርራል፤ ሆቴሎቹ ዘገየ ብለው ይደውላሉ። እስከ መቼ እንደሚሄድ ቃል አልገባም። ከየቤቱ የሚወጡት ቧንቧዎችም እንደነበሩ ናቸው።

ውስጤ የቀረው ግን የሰኞው አይደለም፤ እሁድ አመሻሹ ቤቴ የሆነው ነው።


ደሴ፣ ቤት፣ እሁድ አመሻሽ

ጋሼ ይማም ሰፈራችን መስጊድ የመግሪብ ሶላት ከሰገዱ በኋላ ሁሴን አመጣቸው። ባለቤቴ ሙስሊም እንግዳ እንዳለን ስነግራት ለሳቸው ለብቻ ሽሮና እንቁላል ሠራች። የሶስናን ጥምቀት ሊያከብሩ የመጡት ጎረቤቶች ወንበር ለቀቁላቸው። ቤቱ ሞቅ አለ። ሽማግሌው ለሶስና ዱዓ አደረጉላት፤ እሷም ጎንበስ ብላ አሜን አለች።

ምግብ ሊቀርብ ሲል ሶስና ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ እንግዶቹን አስታጠበች። ከጋሼ ይማም ጀምራ በዕድሜ ተራ ዞረች። የሳሙናውን አረፋ የያዘ ሳፋ በሁለት እጇ ተሸክማ ወደ በሩ ሄደች። ከደጃፋችን ፊት የሲሚንቶ ቦይ አለ፤ ዕድሜያችንን በሙሉ እዚያ ነው የምንደፋው። የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቆማ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ «አባዬ፣ የት ልድፋው?» አለችኝ።

ባለቤቴ ምን እንደሆነ ስላልገባት «እንዴ፣ ውጭ ድፊው እንጂ» አለች።

ተነስቼ ሳፋውን ተቀበልኳት። ወጣሁ። ቦዩ ከጎረቤት በኩል የመጣውን ሁሉ ይዞ በጨለማው ቁልቁል ይሄዳል። ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ሁሉም ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ክንድ ባዶ አፈር የለበትም። ሳፋውን እንደያዝኩ ወዲህ ወዲያ አልኩ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋሼ ይማም ናቸው፤ የታጠቡት እጃቸው ገና አልደረቀም።

«ተወው ልጄ» አሉኝ፤ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳርፈው፣ እንደሚያጽናና ሰው። «ይህቺ ምንም አይደለችም። እዚሁ ድፋት። እኛ ጋ እስክትደርስ ትጠራለች።»

ወደሳቸው መዞር አቃተኝ።